የተፋቀው ሐ

ድርጊቱ ከቃሉ በፊት ነበረ። ሰው «ፋቀ» የሚል ቃል ከማግኘቱ ከብዙ ሺህ ዓመታት አስቀድሞ ቆዳ ይፍቅ ነበር፤ መሣሪያውም ጠርዙ የሰላ፣ እጅ ውስጥ የሚገባ ቁራጭ ድንጋይ ነው። እኛ አገር ይህ የሙዚየም ወሬ ብቻ አይደለም። በኮንሶ ሴቶች፣ በጋሞ ደግሞ ደጋላ የሚባሉት ቆዳ ሠሪዎች፣ እንጨት እጀታ ላይ በተሰካ ድንጋይ ቆዳ ሲፍቁ በእኛው ዘመን ታይተዋል። የጥንቱን ሰው እጅ በእነሱ እጅ ለማየት ከሩቅ አገር መጥተው አጠገባቸው ቁጭ ብለው የተማሩ ተመራማሪዎችም አሉ።

ቆዳ ሁለት ፊት አለው። በአንዱ ፀጉር፣ በሌላው የሥጋ ርዝራዥና ስብ። ሁለቱም በጊዜ ካልተነሡ ቆዳው ይሸታል፣ ይበሰብሳል፣ የትል መናኸሪያ ይሆናል። ከተነሡ ግን ያው ቆዳ መኝታ ይሆናል፣ ልብስ ይሆናል፣ የእህል ማስቀመጫ ይሆናል፣ መጽሐፍ ይሆናል። በመበስበስና መጽሐፍ በመሆን መካከል ያለው ሥራ መፋቅ ነው። የዚህን ቃል ታሪክ ለመተረክ ያነሣሣኝም ይኸው ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ቃል እንዴት ስድብ ሆነ?

ቃሉን በመጀመሪያ መልኩ የምናገኘው በግእዝ ነው። ያኔ ሦስት ፊደል ነበረ፤ ፈሐቀ። መሐሉ ላይ ከጉሮሮ የምትወጣ ሐ አለች። ቃሉን በትክክል የሚናገር ሰው ጉሮሮውንም ትንሽ ይፍቅ ነበር ማለት ይቻላል።

ፈሐቀ ላይን ማንሣት ነው። ከዘመዶቹ ጋር ሲያስተያዩት ጠባዩ ይገለጣል። ዶሮ መሬት ትጭራለች፤ ሰው ክብሪት ይጭራል፣ ሲቸኩልም ደብዳቤ ይጭራል፤ ጭረት በላይ በላዩ አልፎ ይሄዳል። መቧጨር የጥፍር ነው፣ ቁጣ አለበት። ልጣጭ ደግሞ ድሮውንም ለመነሣት የተዘጋጀ ነው፤ ድንች የላጠ ሰው ከድንቹ ጋር አልታገለም። መፋቅ ግን አብሮ የተፈጠረውን ነገር ልብ ብሎ፣ ደጋግሞ፣ በስለት ከአካሉ መለየት ነው። ጥቂት ከበዛ ይቀዳል፣ ጥቂት ካነሰ ሻካራ ይቀራል። ግእዝ ፈጽሞ ማጥፋትን ሲፈልግ ደምሰሰ ይላል፤ የተደመሰሰ ነገር ዱካ የለውም። የተፋቀ ግን ዱካ አለው።

ይህን ቃል ያከበረው ብራና ነው። አድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች ቆዳቸው በካርቦን ምርመራ ሲለካ በ4ኛውና በ7ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) መካከል የተዘጋጀ ሆኖ ተገኝቷል። ወንጌሎቹን የጻፈው እጅ ብዕር ከማንሣቱ በፊት አንድ ሌላ እጅ፣ ወይም ያው የጸሐፊው እጅ ራሱ፣ ቆዳውን ፍቆ ነበር።

አሠራሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ አልተለወጠም። የፍየል ቆዳ ለቀናት ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። የአውሮፓ ብራና ሠሪዎች ፀጉሩን ለማላቀቅ ኖራ ይጠቀማሉ፤ የእኛዎቹ ግን ያለ ኖራ፣ በውኃና በስለት ብቻ ይሠሩታል። ቆዳው ዳር ዳሩን ተበስቶ አራት ማዕዘን ባለው እንጨት ላይ በገመድ ይወጠራል፤ እንደ ከበሮ እስኪጮህ ድረስ። ከዚያ የሥጋው ወገን ይፋቃል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይውላል፤ ቀጥሎ የፀጉሩ ወገን። በመጨረሻ እሳተ ገሞራ በተፋው ባለ ቀዳዳ ቀላል ድንጋይ ይታሻል፤ ብዕር እንዳይዝ፣ ቀለም እንዳይሸሽ። አንድ ትልቅ መጽሐፍ ከመቶ በላይ ፍየል ይበላል። ድርሳኑን፣ ተአምሩን፣ ስንክሳሩን እየተሳለምን ስናልፍ ያን ሁሉ ወገብ ያጎበጠ ሥራ ማን ያስታውሳል? የጸሐፊው ስም አንዳንዴ መጨረሻው ገጽ ላይ ይገኛል። የፋቂው ስም አይገኝም።

ቃሉ ሁለተኛ ትርጉም ያገኘውም እዚሁ ብራና ላይ ነው። የኢትዮጵያ ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥላሸት ነው። ጥላሸት ቆዳ ውስጥ ሰርጎ አይገባም፣ ላዩ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ጸሐፊ ሲሳሳት ቢላውን አንሥቶ ፊደሉን ይፍቃል፣ በቦታውም ሌላ ይጽፋል። ቆዳውን ለጽሕፈት ያዘጋጀው ሥራና ጽሕፈቱን የሚያጠፋው ሥራ አንድ ቃል ሆኑ። የተፋቀው ቦታ ግን ይሻክራል፤ አዲሱ ቀለም እዚያ ላይ ዳር ዳሩን ይፈሳል፤ ገጹን ወደ ብርሃን ከፍ ያደረገ ሰው አንድ ቦታ ሳስቶ ያየዋል።

ስህተት ማረም ደግ ነው። ግን የስም መፋቅም ነበረ። መጽሐፍ ያጻፈው ሰው ስሙን በቀይ ቀለም ያስገባል፣ በጸሎቱ መሐል ይታሰብ ዘንድ። መጽሐፉ በሽያጭ፣ በውርስ ወይም በዝርፊያ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ አዲሱ ባለቤት የፊተኛውን ስም ፍቆ የራሱን ያስጽፋል። በየገዳሙና በየቤተ መጻሕፍቱ እንዲህ ስማቸው ሁለት ሦስት ጊዜ የተለወጠ መጻሕፍት ሞልተዋል። አንድ ሰው ለነፍሴ ብሎ ያስጻፈው ስም በቢላ ጫፍ ተነሥቶ የሌላ ሰው ነፍስ ገብታበታለች። ይህን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሰበራል።

የጥንቶቹም ልብ ተሰብሯል መሰለኝ፤ ግዝት አበጁለት። በብዙ የግእዝ መጻሕፍት መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ቅጠል ላይ ሁለት ጥፋተኞች ጎን ለጎን ቆመው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ይወገዛሉ፤ አንዱ መጽሐፉን የሰረቀ፣ ሌላው «ዘፈሐቆ»፣ የፋቀው። ሌብነትና ፍቀት እኩል ተመዘኑ። የእኛ ቃል ከነሐው፣ ከነሙሉ አካሉ፣ ዛሬም በእነዚያ ቅጠሎች ላይ ይነበባል።

ከዚያ አማርኛ መጣ። በጽሑፍ ከደረሱን የመጀመሪያዎቹ አማርኛዎች መካከል በ14ኛው ክፍለ ዘመን ለነገሡት ለዐፄ ዓምደ ጽዮንና ከእሳቸው በኋላ ለመጡት ነገሥታት የተዘፈኑ መወድሶች ይገኛሉ። አማርኛ የግእዝን የጉሮሮ ድምፆች አንድ በአንድ ተወ። ሰሐቀ ሳቀ ሆነ፣ ጸሐፈ ጻፈ ሆነ፣ ርኅቀ ራቀ፣ መሐረ ማረ። ትግርኛ እስከ ዛሬ «ጸሓፈ» «ሰሓቐ» እያለ ጉሮሮውን ሲጠብቅ አማርኛ አለሰለሰው። ፈሐቀም ፋቀ ሆነ። ሐ ወጣች። ግን ባዶ አልወጣችም፤ ፈ በግእዝ ቤት መሆኗ ቀርቶ ራብዕ ሆነች፣ ድምፅዋ ሰፋ፣ ፋ ተባለች። ያ ስፋት ሐ የነበረችበት ቦታ ነው። መፋቅን የሚናገረው ቃል ራሱ ተፍቆ፣ እንደ ብራናው ሁሉ፣ የተፋቀበት ቦታ በላዩ ይታያል።

በአማርኛ አፍ ቃሉ ወደ ቤት ገባ። ጠዋት ተነሥቶ ጥርሱን የሚፍቅ ሰው ወይራ ወይም ክትክታ ቆርጦ ጫፉን ያኝክና ብሩሽ ያደርገዋል፤ ያ እንጨት መፋቂያ ነው። ለቆዳው ስለትና ለጥርሱ እንጨት አንድ ስም መሰጠቱ ደስ ይለኛል። የገጠር ሰው ጎርፍ ላዩን የወሰደበትን ማሳም ተፋቀ ይላል።

አሁን ወደ ዘንገና ልምጣ፤ ቃሉ ከቆዳ አገር ጋር የተገናኘው በዚያ በኩል ነውና። ዘንገና ከእንጅባራ ብዙ ሳይርቅ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ አጠገብ ያለ ክብ ሐይቅ ነው። እሳተ ገሞራ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ጥልቀቱ 166 ሜትር የሚደርስ፣ ዙሪያውን ደን የከበበው። ከፍታው 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ክረምቱም ረጅም ነው። አገሩ የአገው ምድር ነው፤ የሚነገረው አውንግኛ ከኩሽ ቤተሰብ የሆነ፣ ከአማርኛ ጋር ለዘመናት ጎን ለጎን የኖረ ቋንቋ። የአውንግኛው የመፋቅ ቃል የራሱን ተራኪ ይጠብቃል፤ እኔ የአማርኛውን ይዤ ልቀጥል።

ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ በ1770 (እ.ኤ.አ.) ግሽ ዓባይ ሲደርስ ከዚህ ሕዝብ መካከል ገባ። የአገው ሰዎች ጎንደርን የሚቀልቡ መሆናቸውን ጽፏል፤ ከብት፣ ማር፣ ቅቤ፣ ስንዴ፣ ሰምና ቆዳ ጭነው፣ በአንድ ጊዜ ሺህና ከሺህ በላይ ሆነው፣ አንዱ ቡድን ሲመለስ ሌላው እየተተካ ወደ ከተማዋ ይጎርፋሉ። ሌላም ነገር አስተውሏል። ልብሳቸው ሁሉ ቆዳ ነው፣ በራሳቸው ብልሃት አልፍተው ይሠሩታል፣ በብርዱና በዝናቡ ወራት ይለብሱታል። በዘንገና ጠርዝ ላይ በሐምሌ የቆመ ሰው ለምን እንደሚለብሱት አይጠይቅም።

ማልፋት የፍቀት ታላቅ ወንድም ነው። የተፋቀው ቆዳ እንደ ብራና እንዲደርቅ ካልተፈለገ ይለፋል፤ በእምቧይ ፍሬ፣ በቅባት፣ በእግር እየተረገጠና በእጅ እየታሸ ጨርቅ እስኪመስል። አማርኛ እዚህ ላይ የተናገረውን ልብ በሉ። ቆዳ ለፋ ይላል፣ ሰውም ለፋ ይላል። ሠሪውና የሚሠራው ነገር አንድ ግሥ ተካፍለዋል።

ከእነዚያ እጆች የወጣው ዕቃ አንድን ቤት ከመሬት እስከ ጣሪያ ይሞላ ነበር። የሚተኙበት ቁርበት፣ የሚቀመጡበት አጎዛ፣ አልጋው የተጠለፈበት ጠፍር፣ ዱቄት የሚጓዝበት ስልቻ፣ እህል የሚገባበት አቁማዳ፣ ጭነት የሚታሰርበት መጫኛ፣ በሬ የሚነዳበት ጅራፍ፣ እረኛ የሚደርበው ለምድ። ቄሱም ቢሆኑ ዳዊታቸውን አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት በቆዳ ማኅደር ነው። ብራናው ተፍቆ የተሠራ፣ ማኅደሩም ተፍቆ የተሠራ።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ቃሉ ከሥራ ወደ ሰው ተሻገረ፤ «ፋቂ» ተባለ። እንደ ጸሓፊ፣ እንደ ገበሬ ያለ ተራ የሙያ ስም ነው፤ ድምፁ ግን ሌላ ሆነ። ፋቂ የተባለ ሰው ከመንደር ዳር ይኖር ነበር፤ ልጁን ለገበሬ ልጅ አይድርም ነበር፤ ርስት አልነበረውም፤ ሽታው ይወራ፣ ከብረት ሠሪውና ከሸክላ ሠሪዋ ጋር ቡዳ እየተባለ ይፈራ ነበር። በሰሜን፣ በመካከል፣ በደቡብ ስሙ ይለዋወጣል እንጂ ነገሩ ያው ነው። ብራና የሚፍቀው ደብተራ በዚህ ስም አልተሰደበም። ያው ስለት፣ ያው ፍየል፣ ያው ውኃ፣ ያው ግሥ፤ አንዱ ለመቅደስ ስለ ሠራ ተከበረ፣ ሌላው ለቤት ስለ ሠራ ተናቀ። ይህ የቋንቋ ጥፋት አይደለም። ቃሉ የተሰጠውን ተሸከመ እንጂ ራሱ አልፈረደም። ፈራጆቹ እኛ ነን።

የተከበረው ብራናም ቢሆን አልዳነም፤ በ1868 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ዐፄ ቴዎድሮስ የሰበሰቧቸው መጻሕፍት ተዘረፉ፤ 350 ያህሉ ለንደን ገቡ። «የሰረቀውና የፋቀው» የሚለው ግዝት የጻፉትን እንጂ የዘረፉትን አላስፈራም። ከእነዚያ የተፋቁ ቆዳዎች ብዙዎቹ ዛሬም በለንደን መደርደሪያ ላይ ናቸው።

የስድቡን ነገር በአደባባይ የነኩት ዐፄ ምኒልክ ናቸው። በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚጽፈውን በሙያው መስደብ ከለከሉ፤ ሰዳቢው አንድ ዓመት እንዲታሰርም ወሰኑ። ንጉሡ ያሰቡት ለሥልጣኔ ነበር፤ እጁ የሚሠራ ሰው እየተሰደበ ከሸሸ አገሩ በምን ይቆማል? «ፋቂ» ከእነዚያ የስድብ ስሞች ቤተሰብ ነበረ። አዋጅ አፍን ያስፈራ ይሆናል እንጂ ሠርግ አያስጠራም፤ ከዚያም በኋላ ቆዳ ሠሪው ከመንደሩ ዳር አልተነሣም።

በዘንገና አካባቢ ግን ቆዳ አንድ የክብር ቦታ አገኘ፤ የፈረስ ጀርባ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የአድዋን ዘማቾች ፈረሶች እያሰበ በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ያከብራል። በዚያን ቀን እንጅባራ ሜዳ ላይ የሚታየው ኮርቻ፣ ልጓም፣ ጠፍር፣ ጅራፍ ሁሉ አንድ ሰው የፋቀውና ያለፋው ነው። ፈረሰኛው ይጨበጨብለታል፤ ፈረሱ ይዘፈንለታል። እኔ ኮርቻውን አያለሁ።

ንቀቱን በሕግ መሠረቱ ላይ የመታው የካቲት 1967 ዓ.ም. ነው። የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 በእጁ ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት እንዲሰጠው ደነገገ። ርስት የሚባል ነገር ከእነ ግንዱ ሲነቀል፣ «ርስት የለውም» የሚለው የፋቂው ማነስም ምክንያቱን አጣ። ብዙዎች መሬት ወስደው ገበሬ ሆኑ፣ ሙያቸውንም ተዉት። ማን ይፈርድባቸዋል? ሥራው ክብር ሳያገኝ ሠሪው ብቻ ስለ ዳነ፣ ዕውቀቱ በአንድ ትውልድ ውስጥ ሳሳ። ፕላስቲክ ጆንያ አቁማዳን፣ ናይለን ገመድ መጫኛን፣ ስፖንጅ ፍራሽ ቁርበትን ተኩ።

ቃሉ ግን አዲስ ሥራ አገኘ። የሞባይል ካርድ መጣ። ብርማውን ሽፋን በሳንቲም ወይም በአውራ ጣት ጥፍር ያነሣ ሁሉ «ካርድ ፋቅሁ» አለ፤ ከሥሩ የወጡትን ቁጥሮች *805* ብሎ አስገባቸው። ማንም ይህን ቃል በስብሰባ አልመረጠውም። ሕዝቡ አንድ ላይ ሳይነጋገር ትክክለኛውን ግሥ አወጣ፤ ጫርሁ አላለም፣ ላጥሁ አላለም፣ ፋቅሁ አለ። ከስለት ጋር ሺህ ዓመት የኖረ ቃል ነውና፣ ላይን ማንሣትና ከሥር የተሸሸገውን ማግኘት ምን እንደሆነ ያውቃል። ይህም ዘመን እያለፈ ነው። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ካርድ ሳይፍቅ ከስልኩ ላይ ይሞላል።

ቆዳው ራሱስ? የቆዳ ፋብሪካ ሰዎች «እከክ» የሚሉት ጉዳት አለ። ቅማልና ሌሎች ጥቃቅን ተባዮች በጉን ሲበሉት በጉ ከአጥርና ከግንድ ጋር ይታከካል፤ ቆዳው በነጠብጣብ ይሞላል። ክፋቱ ጉዳቱ ፀጉሩ እስኪነሣ አለመታየቱ ነው። ነጋዴው ገዝቶ፣ ጨው ነስንሶ፣ ጭኖ ፋብሪካ ያደርሰዋል፤ ሲፋቅ ነው እውነቱ የሚወጣው። በጉ በሕይወት ሳለ ራሱን ያከከው በፋብሪካው ጠረጴዛ ላይ ይነበባል። በአማራ ክልል በጎችን መድኃኒት ውስጥ እየነከሩና መድኃኒት እየረጩ ይህን ለመቀነስ ተሠርቷል። ቢላ ያልለመደ ሰው በበዓል ሲገፍ የሚያበጀው ቀዳዳ ደግሞ አለ።

በቅርብ ጊዜ ግን የቆዳ ጥራት ነገርም ዋጋ አጥቷል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት የበግና የፍየል ቆዳ ዋጋ ወርዶ ወርዶ፣ በዓል ባለፈ ማግሥት በየከተማው መንገድ ዳር ተጥሎ ማየት የተለመደ ሆነ። ድሮ የፋሲካ ጾም በተፈታ ጠዋት፣ ገና ሥጋው ሳይከተፍ፣ «ቆዳ ያለው!» የሚል ድምፅ በር በር ይዞር ነበር። ቤተሰቡ ለቆዳው ይከራከራል፤ የቆዳው ብር የልጆች ነው፣ ወይም የሠራተኛዋ ነው፣ ወይም ለቤተ ክርስቲያን ነው።

ከእንጅባራ ወደ ዘንገና በሚወስደው መንገድ ላይ የፋሲካ ማግሥት አልፌ ነበር። ጠዋት ነው፣ ጉሙ ገና አልተነሣም። አንድ አጥር ላይ የበግ ቆዳ ተሰቅሏል፤ የፀጉሩ ወገን ወደ ግቢው፣ የሥጋው ወገን ወደ መንገዱ። ስቡ በየቦታው ነጭ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ዝንብም ጀምሮታል። አንድ ልጅ መፋቂያ ጥርሱ ውስጥ ወትፎ አጠገቡ ቆሟል። «የሚገዛ አልመጣም?» አልኩት። መፋቂያውን አውጥቶ ወደ አስፋልቱ ግራና ቀኝ አየ። «እስካሁን የለም» አለኝና ጥርሱን መፋቅ ቀጠለ።